ሂት የሠራች (ከልክ በላይ የሞቀች) ቪትዝ፦ ትጠገን ወይስ ሞተሯ ይቀየር?

የኮዬዋ መምህርት (ጠያቂ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ ቶዮታ ቪትዝ ናት፣ የ2003 ሞዴል፣ ባለ 1000 ሲሲ። ማክሰኞ ጠዋት ከኮዬ ፈጬ ወደ ቃሊቲ ስሄድ ቀዩ የሙቀት መብራት በራ። ልጆቹ ትምህርት እንዳይረፍድባቸው ብዬ ሳላቆም ነዳሁ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ስደርስ በእንፋሎት ታፍናለች። አሁን ትነሳለች፣ ግን ነጭ ጭስ ታወጣለች፣ ውሃ ትጨርሳለች፣ ዘይቷም ወተት የገባበት ቡና መስሏል። አንዱ መካኒክ ሳይከፍታት «ሞተሩ አልቆለታል፣ ያገለገለ የዱባይ ሞተር ግዢ» አለኝ። ሌላው «ጋስኬት (የሞተሩን ክዳን ማሸጊያ) ቀይሬ በሁለት ቀን አስረክብሻለሁ» ይላል። የሞተሩ ዋጋ የጥገናው ሦስት እጥፍ ነው። ማንን ልስማ?

የገላኑ ታክሲ፦ እህቴ፣ ቀይሪና ተገላገይ። እኔ ሁለቴ አስጠግኜ ሁለቴም ሂት ሠራችብኝ።

ባለ ጋራዡ፦ ታክሲው ወንድሜ፣ ሁለቴ ከተመለሰችብህ መጀመሪያ ያሞቃት ነገር አልተነካም ማለት ነው። ያንኑ ራዲያተር ይዘህ ሞተር ብትቀይርም ያው ነበር።

መምህርት፣ ሁለቱም ሳያዩ ነው የፈረዱት። ከእንግዲህ አታስነሻት፤ ውሃ የገባበት ዘይት የኮሎውን ብሮንዝ (ሞተሩ ውስጥ የሚዞረው ዘንግ የሚያርፍበትን ስስ ብረት) ይበላል። አስጎትቻት። ዘይቱ ተቀይሮ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሮቹ የሚያምቁት የአየር ግፊት) ይለካ። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ፦ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፣ ንባቡ ከአምራቹ መጽሐፍ ቁጥር ሩብ ያህል ዝቅ ይላል። «ሞተሩ ደክሟል» ቢሉሽ አትደንግጪ፣ አራቱ ሲሊንደሮች እርስ በርስ መቀራረባቸውን ጠይቂ።

ከዚያ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ይውረድ። አልሙኒየም ስለሆነ ሲሞቅ ይጎብጣል፤ ቶርኖ ቤት ይለካ፣ ስንጥቅም ይፈተሽ። ሳያስለኩ ጋስኬት ብቻ የሚቀይሩ ናቸው ሰው የሚያመላልሱት። የሲሊንደሩ ግድግዳ በጣት ሲዳሰስ ጭረት ከሌለው፣ ሞተሩም ካላንኳኳ፣ አስጠግኚ። ግድግዳው ከተፋቀ ወይም ካንኳኳ ያኔ ሞተር ግዢ።

የራዲያተሩን ክዳንም አትናቂው። እኛ ጋ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ሌላ ቦታ የሚችል ሞተር እዚህ ይፈላል።

ሰበታ 05፦ ሞተር የምትገዢ ከሆነ የሊብሬውን (የመኪናዋን የባለቤትነት ደብተር) ነገር አስቢበት። የሞተር ቁጥሩ እዚያ ተጽፏል። እኔ ያለ ጉምሩክ ወረቀት ገዝቼ ስሸጥ ገዢው ቁጥሩ አይገጥምም ብሎ ጥሎኝ ሄደ። ወረቀቱን ሳትይዢ ብር አትክፈዪ።

የኮዬዋ መምህርት፦ አመሰግናለሁ። ዛሬ ተከፈተች። ጋስኬቱ ሦስተኛው ሲሊንደር ጋ ተበልቷል፣ ቴስታታው በትንሹ ጎብጦ ቶርኖ ቤት ተስተካክሏል፣ ግድግዳው ንጹህ ነው። ለካ ማራገቢያው አይሠራም ነበር! ሪሌው (ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው ማብሪያ) ተቃጥሏል። አሁን መካኒኩ «ራዲያተሩ ቢታጠብ ይበቃል» ይላል፤ ውስጡ ግን ዝገት አይቻለሁ። ልቀይረው?

ባለ ጋራዡ፦ ለዓመታት የቧንቧ ውሃ ሲሞላባት ኖሮ ይሆናል። ቀይሪው፣ ቴርሞስታቱንም (የውሃውን መንገድ እንደ ሙቀቱ የሚከፍትና የሚዘጋውን) አብረሽ። ከዚያ ኩላንት እንጂ ውሃ አይግባባት። ዘይቱንም ከጥቂት ቀን በኋላ ድገሚው፤ የመጀመሪያው እጥበት ነው።

የገላኑ ታክሲ፦ ባለ ጋራዡ፣ ጋራዥህ የት ነው?