አሜሪካ ውስጥ የተወለደ ልጅ ሁሉ አሜሪካዊ ሊባል ይገባዋልን?

ከራስ መኮንን ድልድይ፦

ለሁላችሁም ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ፕሬዚዳንት ትራምፕ ለሁለተኛ ጊዜ ሥልጣን በያዙበት ዕለት፣ ጃንዋሪ 20 ቀን 2025፣ የፈረሙት ትእዛዝ ዛሬም ድረስ በመሥሪያ ቤታችን የምሳ ሰዓት ክርክር ያስነሳል። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር የምጽፈው ነገሩ የእነሱ ስለሆነ ነው።) ትእዛዙ እንደሚለው፣ እናቱ በአሜሪካ የምትኖረው ያለ ሕጋዊ ፈቃድ ወይም በጊዜያዊ ቪዛ ከሆነ፣ አባቱም ዜጋ ወይም የግሪን ካርድ ባለቤት ካልሆነ፣ ሕፃኑ እዚያ በመወለዱ ብቻ ዜጋ አይሆንም። አራት ኪሎ አብረውኝ የሚሠሩት ሰዎች በአንድ ድምፅ ግፍ ነው ይላሉ። እኔን የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው። የእኛው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 6 ዜግነትን የሚሰጠው ከወላጆቹ ቢያንስ አንዱ ኢትዮጵያዊ ለሆነ ሰው ነው፤ ከሁለት የውጭ አገር ሰዎች እዚሁ አዲስ አበባ የተወለደ ልጅ በመወለዱ ብቻ ኢትዮጵያዊ አይሆንም፤ ይህንንም ማናችንም ግፍ ብለን ሰልፍ ወጥተን አናውቅም። ታዲያ እኛ ለሌላው የማናደርገውን አሜሪካ ለእኛ ልጆች እንድታደርግ የምንጠብቀው በምን ሚዛን ነው? ስለ ትራምፕ ጠባይ ሳይሆን ስለ ጉዳዩ እንድትጽፉልኝ እለምናለሁ።

ስድስት ኪሎ፦

ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ ሁለቱን ሕጎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ከመፍረድ በፊት ግን እያንዳንዱ ከየት እንደመጣ ማየት ያስፈልጋል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1857 በድሬድ ስኮት ጉዳይ፣ ጥቁር ሰው ነፃ የወጣም ቢሆን የአሜሪካ ዜጋ ሊሆን አይችልም ብሎ ወስኖ ነበር። ከእርስ በርስ ጦርነታቸው በኋላ በ1868 የጸደቀው 14ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ፣ በአሜሪካ የተወለደና ለሥልጣኗ ተገዢ የሆነ ሁሉ ዜጋ ነው ሲል የደነገገው ያንን ፍርድ ከሥሩ ለመንቀል ነው። በባርነት ከተያዙ ሰዎች የተወለደ ልጅ፣ እናትና አባቴ ዜጎች ነበሩ ብሎ ማስረጃ ሊያቀርብ አይችልም፤ ሕጉ መነሻውን ወላጅ ቢያደርግ ኖሮ ነፃ የወጡትን ሚሊዮኖች መልሶ ከደጅ ያስቀራቸው ነበር። ስለዚህ የልጁ መወለጃ ሥፍራ ብቻ በቂ እንዲሆን ተደረገ። እኛ ደግሞ ዜግነትን በሕግ የጻፍነው በ1930 ሲሆን፣ የነበረብን ጭንቀት የራሳችንን ሰው ከውጭ ዜጋ ለይቶ ማወቅ ነበር።

ትእዛዙን የሚደግፉት ሰዎች የሚንጠለጠሉት «ለሥልጣኗ ተገዢ የሆነ» በምትለው ሐረግ ላይ ነው። ክርክራቸው ባዶ ነው አልልም። በ1884 ያው ፍርድ ቤት ከነባር ሕዝቦች ጎሳ የተወለደን ሰው በዚችው ሐረግ ምክንያት ዜጋ አይደለህም ብሎታል፤ የምድሪቱ ጥንተ ባለቤቶች ልጆች ሁሉ ዜጋ የተባሉት ገና በ1924 በወጣ ሕግ ነው። ሆኖም በ1898 የተወሰነው የዎንግ ኪም አርክ ጉዳይ ለዛሬው ጥያቄ ይበልጥ ይቀርባል። ሰውየው ሳን ፍራንሲስኮ ከቻይናውያን ወላጆች ተወልዶ ቻይና ደርሶ ሲመለስ ከመርከብ እንዳይወርድ ተከለከለ፤ ወቅቱ የቻይና ሠራተኞች እንዳይገቡ በ1882 ሕግ የታገደበት፣ ወላጆቹም ቢፈልጉ እንኳ ዜጋ መሆን የማይችሉበት ጊዜ ነበር። ፍርድ ቤቱ ግን በስድስት ለሁለት ድምፅ ዜጋ ነው አለ። እዚያ ተወልደው ዜግነት የማያገኙት የውጭ ዲፕሎማቶች ልጆችና ወረራ ይዞ በገባ ጦር እጅ የሚወለዱትን የመሰሉ ጥቂቶች ብቻ ናቸው። ቪዛው ያለቀበት ሰው ሲሰርቅ ተይዞ በአሜሪካ ሕግ የሚቀጣ ከሆነ፣ ልጁ ሲወለድ ብቻ ለሕጉ ተገዢ አይደለም የሚባልበትን ምክንያት እኔ ልረዳው አልቻልኩም።

ሜክሲኮ አደባባይ፦

እኔ ከብዙኃኑ እለያለሁ። ማንን ዜጋ እንደሚያደርግ የሚወስነው የአገሩ ሕዝብ ነው፤ አሜሪካም ብትወስን የሚያስወግዛት ነገር የለም። እንግሊዝ በ1981 ባወጣችው ሕግ፣ ከ1983 ጀምሮ በምድሯ መወለድ ብቻውን ዜግነት እንዳያሰጥ አድርጋለች፤ አየርላንድም በ2004 ሕዝበ ውሳኔ አካሂዳ ይህንኑ አደረገች። ማንም እነሱን አረመኔ ሲል አልሰማሁም። በሌላ በኩል ግን የተሄደበት መንገድ አይዋጥልኝም። አየርላንድ ሕዝቧን ጠይቃለች፣ እንግሊዝ በፓርላማዋ ተከራክራለች። የአሜሪካን ሕገ መንግሥት ለማሻሻል የሁለቱ ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ድምፅና የ38 ክፍለ ግዛቶች ስምምነት ይጠይቃል። ይህን ሁሉ በአንድ ፊርማ መዝለል ይቻላል ከተባለ፣ ነገ የሚመጣው ፕሬዚዳንት ደግሞ የጦር መሣሪያ የመያዝን መብት በፊርማ ልሻር ቢል ምን ሊመልሱለት ነው? ትእዛዙ በወጣ በሦስተኛው ቀን የሲያትል የፌዴራል ዳኛ ሲያግዱት፣ በግልጽ ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ ነው ብለዋል፤ እኚህን ዳኛ የሾሟቸውም ሪፐብሊካኑ ሬገን ናቸው።

ዲቪ ሞይ፦

ከክርክሩ ልውጣና አንድ ወሬ ላርም። እዚህ እኔ ዘንድ ፎቶ ሊነሱ ከነጩ ሸራ ፊት ቆመው ሳሉ፣ «ዲቪ ደርሶን ብንሄድም የምንወልደው ልጅ ዜጋ አይሆንም አሉ» የሚሉ ባለትዳሮች በዝተዋል። በዲቪ የሄደ ሰው የሚገባው በግሪን ካርድ ስለሆነ፣ በትእዛዙ አነጋገርም ቢሆን ልጁ አይነካም። የሚነካቸው እናትና አባት ሁለቱም በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ላይ ያሉ፣ ወረቀት የሌላቸው፣ እንዲሁም ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ለኢትዮጵያውያን ተሰጥቶ በነበረው ጊዜያዊ ከለላ የኖሩ ወላጆች ናቸው።

እመት ፒያሳ፦

ልጆቼ፣ ሁላችሁም ስለ ሕጉ ጻፋችሁ፤ እኔ ደግሞ ሕጉ ከሰው ቤት ገብቶ የሚያደርገውን ልንገራችሁ። የእህቴ ልጅ በጎብኚ ቪዛ ሄዳ ሲልቨር ስፕሪንግ ከዘመድ ቤት ተቀምጣ ወለደች፤ በወሯም ሕፃኑን ይዛ መጣች። (በ2020 የወጣ የቪዛ ደንብ፣ ዋና ዓላማዋ ለልጇ ዜግነት ለማስገኘት መውለድ የሆነን ሴት ቪዛ እንድትከለከል ያዛል፤ እሷ የሄደችው ከዚያ በፊት ነው።) ቤተ ዘመዱ ሰማያዊውን ፓስፖርት እየተቀባበለ ሲስም ትዝ ይለኛል። ሁሉም ያሰበው እናቲቱ በልጇ በኩል ነገ ትሄዳለች ብሎ ነው፤ ልጁ እናቱን ሊያስመጣ የሚችለው ግን 21 ዓመት ሲሞላው ነው።

እስከዚያው ልጁ በገዛ አገሩ ትውልደ ኢትዮጵያዊ በሚያሰኘው ቢጫ ካርድ ይኖራል። ቢጫ ካርዱ ያለ ቪዛ ያስገባዋል፣ ቤት እንዲኖረው ይፈቅድለታል፤ ሲያድግ ግን መምረጥም መመረጥም አይችልም። የ1996ቱ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 ደግሞ (ይህኛው በእኛ አቆጣጠር ነው) በውጭ አገር በመወለዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ፣ አካለ መጠን ከደረሰ በኋላ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ያንን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን እንደመረጠ ካላስታወቀ፣ በፈቃዱ እንደተወው ይቆጥረዋል። በዚያም ወገን ቢሆን ወንድ ልጅ 18 ሲሞላው ለውትድርና ምልመላ ይመዘገባል፣ ገቢ ሲኖረውም እዚህ ተቀምጦ እንኳ ለአሜሪካ የግብር ማስታወቂያ ያቀርባል። በዜግነት የሚመጣውን ዕዳ ሳያዩ ስለ ፓስፖርቱ ብቻ የሚያወሩ ሰዎች ያናድዱኛል።

ከራስ መኮንን ድልድይ፦

እመት፣ ስለ ትምህርቱ አመሰግናለሁ። የስድስት ኪሎው ወንድማችንም ታሪኩን በሚገባ አስረድተውኛል፤ ነገር ግን የአሜሪካ ሕግ ከባርነት ቁስል የተወለደ መሆኑ፣ ያ ቁስል የሌለባት አገር በዘር ሐረግ ብትሄድ ምን ይጎድልባታል የሚለውን አይመልስልኝም። እኛ ዘንድ ማን ተጎዳ?

እመት ፒያሳ፦

ማን ተጎዳ ላሉት፣ ከሰፈራችን ብዙ ሳልርቅ እመልሳለሁ። ራስ ተፈሪ በ1924 ኢየሩሳሌም ያገኟቸውን አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች አምጥተው የሙዚቃ ጓድ አደረጓቸው፤ አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር የደረሱ ሰው ናቸው። እዚህ የኖሩት አርመኖች ልጆች የተወለዱት እዚሁ ነው፤ አማርኛቸው ከእኔ አማርኛ የሚለይ አልነበረም፣ ተዝካር ላይ አብረውን በልተዋል። በሕጉ ግን አመልክተው ካልተሰጣቸው በቀር እዚህ መወለዳቸው ምንም አላስገኘላቸውም።

ከዚያም የባሰ አይተናል። በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉ፣ አሥመራን በዓይናቸው አይተው የማያውቁ ጎረቤቶቻችን፣ የወላጆቻቸው ዘር ተቆጥሮ በአውቶቡስ ተጭነው ተሰደዱ። ከሄደችው ጓደኛዬ የቀረልኝ አደራ ያለችኝ የሳሎን ቁም ሣጥን ነው፤ ቁልፉን ይዛው ሄዳለች። ጉዳዩን ያየው የሁለቱ አገሮች የይገባኛል ኮሚሽን በ2004 በሰጠው ውሳኔ፣ ከተባረሩት ከፊሎቹ ዜግነታቸውን የተነጠቁት በዘፈቀደ እንደነበር ወስኗል። መወለጃ ሥፍራ በሕጋችን አንዳች ክብደት ቢኖረው ኖሮ ቢያንስ የሚከራከሩበት ነገር ይኖራቸው ነበር።

እኔ እንደ አሜሪካ ይሁን አልልም፤ በወሯ ይዛው የተመለሰችውን እናት አይቻለሁና። እንግሊዞች በመወለድ ብቻ የሚገኘውን ሲያስቀሩ፣ እዚያ ተወልዶ የመጀመሪያዎቹን አሥር ዓመታት እዚያው የኖረ ልጅ የወላጆቹ ወረቀት ምንም ይሁን ምን ዜጋ ሆኖ እንዲመዘገብ መብት ሰጥተውታል። አዋጅ 378 ሲሻሻል እንዲህ ያለ አንቀጽ ቢገባበት እወዳለሁ፤ ዛሬ ከተማችን ውስጥ ተወልደው አማርኛ አፋቸውን የፈቱ የኤርትራና የየመን ስደተኞች ልጆች አሉና። ጠያቂው እስከዚህ ድረስ አብረውኝ ይሄዳሉ?

ከራስ መኮንን ድልድይ፦

እሄዳለሁ፤ ግን አሥሩ ዓመት ይበዛብኛል። አንደኛ ክፍል የሚገባ ልጅ መታወቂያ ይጠየቃል፤ እኔ ብሆን ሰባት ዓመት አደርገው ነበር። የሜክሲኮ አደባባዩ ወንድማችን፣ በፓርላማ ክርክር የሚያምኑ ስለሆኑ፣ ቁጥሩ ላይ ምን እንደሚሉ መስማት እፈልጋለሁ።