ከየጎፍ ጀርባ ኤፍኤም ለምን አይገባም?

ጥያቄ፦
ሰላም ወሎዬዎች። ቤተሰቦቼ ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ከየጎፍ ደን ጀርባ ነው የሚኖሩት። ቤቱ ገደል ሥር ነው፣ ዙሪያው ባሕር ዛፍ። ኤፍኤም ሽሽሽ ከማለት አያልፍም። እዚያው ሬዲዮ ላይ ግን መካከለኛው ሞገድ፣ በተለይ ማታ ማታ፣ ጥርት ብሎ ይገባል። ስልክም ጉብታው ላይ ካልወጡ አይሠራም፣ ክረምት ሲገባማ ይብሳል። እናቴ እኔን ለማናገር ዳገት ትወጣለች፣ እሱ ነው የሚያንገበግበኝ። ጥፋቱ የተራራው ነው የዛፉ? አንቴና ብተክልስ?

መልስ 1፦
አብሽር ወንድሜ፣ ዋናው ተራራው ነው። ኤፍኤም ከ88 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ነው፣ የሞገዱ ርዝመት 3 ሜትር ገደማ። እንዲህ ያለው ሞገድ በአብዛኛው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ የተራራ ጫፍ ሲያገኝ ትንሽ ጎንበስ ይላል እንጂ ቁልቁል ገደሉ ሥር ድረስ አይወርድም። ስለዚህ ገደሉን ተጠግቶ የተሠራ ቤት ነው የሚጎዳው። ሜዳው ላይ ራቅ ያለው ጎረቤት፣ ከማሰራጫው ይበልጥ ርቆም፣ የተሻለ ሊሰማ ይችላል። መካከለኛው ሞገድ ግን ርዝመቱ በመቶ ሜትሮች ስለሚቆጠር መሬቱን ተከትሎ ይጓዛል። ማታ ደግሞ ከላይኛው አየር ነጥሮ ይመለሳል፤ ቀን ላይ ከሥር ያለው ንብርብር ስለሚውጠው ነው ሩቅ የማይደርሰው።

መልስ 2፦
ለሬዲዮው ልክ ነህ፣ ለስልኩ ግን ዛፉን አትናቀው። በ900 ሜጋኸርዝ ሞገዱ 33 ሴንቲ ሜትር ነው፣ በ2100 ደግሞ 14 ብቻ። ይሄን ያህል ሲያጥር ቅጠሉና ቅርንጫፉ ይበትነዋል፣ ይውጠዋል፣ ዝናብ የጠጣ ቅጠል ሲሆን ደግሞ ይብስበታል። ክረምት ላይ የሚብሰው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። የእናታችንን ስልክ ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ ኔትወርኩን 2ጂ (የድሮው ኔትወርክ) ላይ አድርገው፤ እሱ ብዙ ጊዜ ረዘም ባለው በ900ው ሞገድ ነው የሚሠራው። ኢንተርኔቱ ይንቀራፈፋል፣ ለጥሪ ግን ብዙ ጊዜ የተሻለ ይይዛል።

መልስ 3፦
ስለ አንቴናው ልጨምር። ለኤፍኤም የሚሆን ባለ ብዙ ዘንግ አንቴና ፈልግና ከባሕር ዛፉ ጫፍ በላይ፣ ካልሆነም ከቤቱ ፈንጠር አድርገህ ገላጣ ቦታ ላይ ትከለው። ከመቸከልህ በፊት አንድ ሰው ሬዲዮውን እየሰማ አንተ ቀስ እያልክ አዙረው። መጀመሪያ ወደ ተራራው ጫፍ፣ ቀጥሎ ወደ ማዶው ዳገት፤ አንዳንዴ ከማዶ ነጥሮ የሚመጣው ከቀጥታው ይበልጣል። ገመዱን አታስረዝመው፣ በመንገድ ላይ ሲግናል ይበላል።

ጠያቂው፦
አላህ ይስጥልኝ። 2ጂውን ዛሬውኑ ለታናሽ ወንድሜ እነግረዋለሁ። ለአንቴናው ማዶው ዳገት ራቁቱን ነው፣ ዛፍ የለበትም፤ ከዚያ እጀምራለሁ።