ትንሽ ወይን ቤት ውስጥ ለእራት፦ በብርጭቆ ወይስ በጠርሙስ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሰፈራችን ውስጥ ስድስት ጠረጴዛ ብቻ ያላት ወይን ቤት አለች። መብራቷ ደብዘዝ ያለ ነው፤ ሳይጮኹ ማውራት ይቻላል። ቅዳሜ ከባለቤቴ ጋር እራት ልንበላ አስበናል። እሷ ዓሣ ትወዳለች፣ እኔ ሥጋ። አንድ ጠርሙስ እንዘዝ ወይስ በብርጭቆ ይሻላል?

መልስ 1፦ በብርጭቆ እዘዙ። 750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 150 እየተቀዳ አምስት ብርጭቆ ይወጣዋል፤ ለሁለት ሰው ይበዛል። ምርጫችሁም ለየቅል ነው። ለእሷ ቀዝቀዝ ያለ ነጭ፣ ላንተ ቀይ። ቀዩ ውስጥ ያለው ታኒን፣ ያ ምላስ የሚያደርቀው ነገር፣ ከሥጋ ጋር ሲሆን ይለዝባል። ከዓሣ ጋር ግን አንዳንዴ ብረት ብረት ይላል።

መልስ 2፦ በብርጭቆ ካዘዛችሁ፣ የሚቀዳበት ጠርሙስ መቼ እንደተከፈተ አስተናጋጁን ጠይቁ፤ ነውር የለውም። እኔ አንዴ ሳልጠይቅ ጠጥቼ ኮምጣጤ ኮምጣጤ አለኝ። ለካ ከተከፈተ ሳምንት አልፎታል! እራቱ ከጉሮሮዬ አልወርድ አለ። አሁን ሳላሸት አልጠጣም። ትንሽ ቤት ደግሞ ደስ የሚለው፣ ለቅምሻ ያህል ቅዱልኝ ብትል ደስ ብሏቸው ይቀዱልሃል።

ጠያቂው፦ እግዜር ይስጥልኝ። በብርጭቆ ወስነናል። የጥጓን ጠረጴዛም አስይዣለሁ።