አራቱም የመኪና መስኮቶች በአንድ ጊዜ መሥራት አቆሙ፤ ፍለጋውን ከየት ልጀምር?

መንገደኛው፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የመኪናዬ የኤሌክትሪክ መስኮቶች ግራ ስላጋቡኝ ምክራችሁን ፈልጌ ነው። መኪናዋ ባለ አራት በር የቤት መኪና ስትሆን፣ ዕድሜዋ ገፋ ያለ ቢሆንም በመብራትም ሆነ በማስነሳት በኩል አስቸግራኝ አታውቅም። አሁን ግን በሹፌሩ በር ላይ ያሉትን ቁልፎች ስጫን አራቱም መስታወቶች ባሉበት ይቀራሉ፤ ከበሩ ውስጥ የሚሰማ የሞተር ድምፅም የለም። አንዳንድ ቀን ደግሞ ማንም ሳይነካቸው ይመለሱና እንደ ጤነኛ ሲወጡና ሲወርዱ ይውላሉ። ተሳፋሪዎች በየበራቸው ያለውን ቁልፍ ቢጫኑም ልዩነት የለውም፤ ሲሠራ ሁሉም ይሠራል፣ ሲቆም ሁሉም ይቆማል።

የመስኮቱን ፊውዝ አውጥቼ አይቼዋለሁ፤ አልተቃጠለም። ለማንኛውም ብዬ ተመሳሳይ አምፔር ባለው ሌላ ፊውዝ ለውጬዋለሁ። ያሳየሁት መካኒክ በሩን እንኳ ሳይከፍት «የመስኮት ሞተር ነው፣ ገዝተህ ና» አለኝ፤ የየትኛው በር ሞተር እንደሆነ ስጠይቀው ግን መልስ አልነበረውም። አንድ ተጨማሪ ነገር ልጥቀስ፦ በሚሠሩበት ቀንም ቢሆን የኋላው የግራ መስታወት ሲወርድ ደህና ሆኖ ሲወጣ ግን ይዘገያል፣ አልፎ አልፎም መሃል ላይ ይቆማል። ሁለቱ ችግሮች አንድ ናቸው ወይስ የተለያዩ? ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት በራሴ ልመረምረው የምችለው ነገር ካለ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

አባ ቴስተር፦

መንገደኛው፣ ለጊዜው ሞተር አይግዙ። እያንዳንዱ መስኮት የየራሱ ሞተር ስላለው፣ አራት ሞተሮች ተማክረው በአንድ ቀን የሚቆሙበት፣ ተማክረውም በማግስቱ የሚነሱበት ምክንያት የለም። አራቱ አብረው ሲቆሙ የሚፈለገው አራቱ የሚጋሩት ነገር ነው። የሚጋሩት ደግሞ ጥቂት ነው፤ ፊውዙ፣ ሪሌው (በትንሽ ኤሌክትሪክ ታዝዞ ትልቁን የሚያገናኝና የሚያቋርጥ ስዊች)፣ በሹፌሩ በር ላይ ያለው ዋናው ስዊች፣ ወደዚያ ስዊች የሚገባው ፖዘቲቭ ሽቦና ከስዊቹ ወደ መኪናው ቦዲ የሚመለሰው ኔጌቲቭ ሽቦ ናቸው። ፊውዙን አይተዋል። ሪሌውን በተመለከተ፣ በፊውዝ ሳጥኑ ውስጥ ተመሳሳይ ቁጥር የተጻፈበት ሌላ ሪሌ ካለ ለአፍታ ቢያቀያይሯቸው መልሱ ወዲያው ይታወቃል።

እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምጠረጥረው ኔጌቲቩን ነው፤ ምክንያቱን ለማስረዳት አሠራሩን ትንሽ መግለጽ ያስፈልገኛል። የተለመደው የመስኮት ሞተር በዲሲ፣ ማለትም እንደ ባትሪ በአንድ አቅጣጫ በሚፈስ ኤሌክትሪክ፣ የሚሠራ ባለ ሁለት ሽቦ ሞተር ነው፤ አንደኛው ሽቦ ፖዘቲቭ ሌላኛው ኔጌቲቭ ሲሆን መስታወቱ ይወጣል፣ ሲገለባበጡ ይወርዳል። በብዙ መኪኖች ላይ ማንም ቁልፍ ሳይነካ ሁለቱም የሞተሩ ሽቦዎች በዋናው ስዊች በኩል ከኔጌቲቭ ጋር ተገናኝተው ይቀመጣሉ፤ ቁልፍ ሲጫን አንደኛው ብቻ ከዚያ ተላቆ ወደ ፖዘቲቭ ይዛወራል። ስለዚህ የኋላ ተሳፋሪ የራሱን ቁልፍ ቢጫንም እንኳ ኤሌክትሪኩ ዞሮ የሚመለሰው በሹፌሩ በር በኩል ነው። የዋናው ስዊች ኔጌቲቭ ሽቦ ከተቋረጠ አራቱም መስኮቶች ከየትኛውም ቁልፍ ቢታዘዙ አይሠሩም። የተቋረጠው ወደ ዋናው ስዊች የሚገባው ፖዘቲቭ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን፣ በብዙ አሠራር የተሳፋሪዎቹ ቁልፎች ፖዘቲቭ የሚያገኙት በሌላ መንገድ ስለሆነ ቢያንስ ከየበራቸው ይሠሩ ነበር። ሹፌሩ የተሳፋሪዎቹን መስኮት የሚቆልፍበት ቁልፍም የራሱን የሹፌሩን መስኮት ስለማያቆም እዚህ ላይ ተጠርጣሪ አይደለም።

ይህን በግምት ሳይሆን በቴስተር (በቮልት መለኪያ) ማረጋገጥ ይቻላል። ስዊቹን ከበሩ ሽፋን ላይ ነቅለው ሶኬቱን ሳያላቅቁ የቴስተሩን ጥቁር ጫፍ ቀለም በሌለበት የቦዲ ብረት ላይ ያሳርፉ፤ ቀዩን ጫፍ ደግሞ ከሶኬቱ ጀርባ በኩል የኔጌቲቭ ሽቦው በሚገባበት ቀዳዳ ይንኩ። ብዙ ጊዜ ጥቁር ወይም ቡናማ ቀለም ያለው ወፈር ያለ ሽቦ ነው። ከዚያ ሌላ ሰው የመስኮቱን ቁልፍ ተጭኖ ይያዝልዎ። ሽቦው ጤነኛ ከሆነ ንባቡ ከ0.2 ቮልት ብዙም አይርቅም፤ ከተቋረጠ ግን ቁልፉ በተጫነ ቅጽበት ወደ ባትሪው ቮልቴጅ፣ ማለትም ወደ 12 ይዘላል። ቁልፉ ሳይጫን መለካት ጥቅም የለውም፤ ጭነት የሌለበት ሽቦ አንድ ክር ብቻ ቢተርፈው እንኳ በቴስተር ላይ ጤነኛ መስሎ ይታያል። ብዙ ሰው የታመመውን ሽቦ አልፎ ደህናውን ስዊች የሚቀይረው በዚህ ምክንያት ነው።

ቴስተር ከማምጣትዎ በፊት ሁለት ነገር ይሞክሩልኝ። መስኮቶቹ በሞቱበት ሰዓት የሹፌሩን በር ሙሉ በሙሉ ከፍተው፣ ቁልፉን እንደተጫኑ በሩን በዝግታ ይዝጉት፤ በአንድ የተወሰነ ቦታ ላይ መስታወቱ ከተነቃነቀ ችግሩ በበሩና በቦዲው መካከል ባለው የጎማ ቱቦ ውስጥ ነው። ሌላው፣ በዚያው ሰዓት የሹፌሩ በር ድምፅ ማጉያ፣ የጎን መስታወት ማስተካከያው ወይም የበር መቆለፊያው አብሮ ይጠፋ እንደሆነ ይመልከቱ።

ሦስተኛ ማርሽ፦

የአባ ቴስተር ትንታኔ ትክክል ነው፤ ሆኖም እኔ ብሆን ከራሱ ከስዊቹ እጀምራለሁ። የሹፌሩ በር ስዊች ዝናብ ያርፍበታል፣ ቡና ይደፋበታል፣ አቧራ ይገባበታል፣ ከአራቱም በሮች ቁልፍ ሁሉ በላይ የሚጫነውም እሱ ነው። ውስጡ ያሉት የመዳብ መገናኛዎች በየጊዜው በሚፈጠረው ብልጭታ ይጠቁራሉ። ክዳኑን ከፍቶ ማጽዳት፣ ካልሆነም የሚረጭ የዝገት ማላቀቂያ ዘይት በቁልፎቹ ክፍተት መንፋት ብዙ ጊዜ ያድነዋል።

ካቻቢቴ፦

ሦስተኛ ማርሽ፣ ስዊቹን ከፍቶ ማጽዳቱን እደግፋለሁ፤ ዘይት መንፋቱን ግን አልደግፍም። እ.ኤ.አ. በ2012 ቶዮታ በዓለም ዙሪያ ከ7.4 ሚሊዮን በላይ መኪኖችን ለጥገና የጠራው በዚሁ በሹፌሩ በር የመስኮት ስዊች ምክንያት ነበር። በፋብሪካ የተቀባው ግሪስ ወጥ ስላልነበረ ስዊቹ ሲጫን ይይዝ ነበር፤ ባለቤቶቹም ከገበያ የተገዛ ማለስለሻ እንዳይጨምሩበት ተነግሯቸው ነበር፣ ምክንያቱም ስዊቹ ሊቀልጥ፣ ሊጨስና እሳት ሊያስነሳ ይችል ነበር። ኤሌክትሪክ ለሚያልፍበት ዕቃ ተብሎ የተሠራና ተኖ የሚደርቅ ማጽጃ አለ፤ እሱን ተጠቅሞ እስኪደርቅ መጠበቅ ነው። ባትሪውን አላቅቆ መሥራትም አይዘንጋ።

ወደ ኋላው የግራ መስኮት ስመጣ፣ ይህ ለብቻው የቆመ ችግር ነው። ሲወርድ የመስታወቱ ክብደት ሞተሩን ያግዘዋል፤ ሲወጣ ግን ክብደቱንም የጎማውን ፍትጊያም የሚሸከመው ሞተሩ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ድካም መጀመሪያ የሚታየው በመውጣት ላይ ነው። አስቀድመው የሚያዩት መስታወቱ የሚንሸራተትበትን የጎማ ማሲያዣ ነው። ጎማው ደርቆ ከሆነ በእርጥብ ጨርቅ አቧራውን ጠርገው የሲሊኮን ማለስለሻ ይንፉበት፤ የሞተር ዘይትና ግሪስ ጎማውን ስለሚያበላሹና አቧራ ስለሚሰበስቡ አይጠቀሙ። ይህ ካልረዳው የበሩን ሽፋን ነቅለው፣ መስታወቱ በሚወጣበት ጊዜ በሞተሩ ሶኬት ላይ ያለውን ቮልቴጅ ይለኩ። ንባቡ ለባትሪው የቀረበ ሆኖ መስታወቱ አሁንም የሚጎተት ከሆነ ጥፋቱ በሞተሩ ወይም በመስታወት ማንሻው ላይ ነው፤ ቮልቴጁ ወደ 9 ወይም 8 የሚወርድ ከሆነ ደግሞ በመንገዱ ላይ የላላ መገናኛ አለ ማለት ነው። ቁልፉ ተጭኖ ሳለ ሞተሩ ያለበትን ቦታ በእጅ ሲመቱት የሚነቃ ከሆነ የሞተሩ ካርቦን (ለሚሽከረከረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያደርሰው ቁራጭ) አልቋል። ሞተሩ እየዞረ መስታወቱ የማይንቀሳቀስ ከሆነ፣ በተለይ የመንኮሻኮሽ ድምፅ ካለ፣ የማንሻው ገመድ ተበጥሷል ወይም መስታወቱን የሚይዘው የፕላስቲክ ማቀፊያ ተሰብሯል።

መሃል ላይ መቆሙን በተመለከተ፣ ብዙ ሞተሮች ከመጠን በላይ ሲሞቁ ራሳቸውን የሚያጠፉበት መከላከያ በውስጣቸው አላቸው። እየደጋገሙ በጫኑት ቁጥር ይበልጥ ይግላል፤ ለጥቂት ደቂቃ ከተዉት ይመለሳል። ይህን ያላወቀ ሰው ከዚያ በኋላ የሚያገኘው ንባብ ሁሉ ያሳስተዋል። ሞተሩን ለመንቀል ከወሰኑም መስታወቱን በጠንካራ ፕላስተር ከበሩ ፍሬም ጋር አስረው ይጀምሩ፤ ሞተሩ ሲወጣ መስታወቱ ሊወድቅ ይችላል፣ የመቀስ ቅርጽ ያለው ማንሻም ስፕሪንጉ በድንገት ተፈትቶ እጅ ሊሰብር ይችላል።

መንገደኛው፦

ለሁላችሁም ምስጋናዬ የላቀ ነው። መስኮቶቹ በሞቱበት ሰዓት ቁልፉን እንደያዝኩ በሩን በዝግታ ስዘጋ፣ በሩ ግማሽ ላይ ሲደርስ መስታወቱ ተንቀሳቀሰና ወዲያው ቆመ። የበሩ መቆለፊያም አብሮ ይጠፋል። በቴስተር ስለካ ኔጌቲቩ ላይ ያለው ንባብ ቁልፉ እንደተጫነ ከ11 ቮልት በላይ ወጣ። የጎማውን ቱቦ ከቦዲው ነቅዬ ወደ ኋላ ስገፋው ሽቦዎቹ ሁሉ ከላይ ሲታዩ ደህና ነበሩ፤ ጥቁሩን ወፍራም ሽቦ በሁለት ጣቴ ይዤ ቀስ ብዬ ስስበው ግን ልባሱ እንደ ላስቲክ ተለጠጠ። ሌሎቹ አይለጠጡም። ውስጡ መዳብ እንደሌለ ያወቅሁት ያኔ ነው። እንዴት ብቀጥለው ይሻላል? እዚያው አጣምሬ በፕላስተር ብጠቀልለው ይበቃል?

የኋላው የግራ መስኮት በሲሊኮኑ በግልጽ ተሻሽሏል፤ አሁን ሳይቆም ይዘጋል፣ ፍጥነቱ ግን ገና የሌሎቹን አያህልም።

አባ ቴስተር፦

እንኳን ደስ ያለዎት፤ ነገር ግን እዚያው አጣምረው አይጠቅልሉት። ያ ቦታ በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር የሚታጠፍ ነው፤ የተጣመረ ሽቦ ይላላል፣ በቆርቆሮ የተበየደም ከሆነ ብየዳው ስለሚደርቅ ከጎኑ ይበጠሳል። የተበጠሰውን ክፍል ከሁለቱም በኩል በደንብ ርቀው ይቁረጡት፤ ከነባሩ ያላነሰ ውፍረት ያለውና ብዙ ቀጫጭን ክሮች ያሉት አዲስ ሽቦ ያስገቡ፤ አንደኛው መቀጠያ በበሩ ውስጥ ሌላኛው በቦዲው ውስጥ ይዋል፤ በጎማው ቱቦ ውስጥ የሚያልፈው ምንም መገጣጠሚያ የሌለበት ሽቦ ብቻ ይሁን። ትንሽ ትርፍ ርዝመት ይተዉለት፤ መገጣጠሚያዎቹንም በሙቀት በሚኮማተር ልባስ ይሸፍኗቸው። የመቆለፊያውን ሽቦም ባይለጠጥ እንኳ አብረው ቢፈትሹት መልካም ነው፤ ከጥቁሩ ጋር አንድ ኔጌቲቭ የሚጋራ ከሆነ ግን አብሮ ይድናል። ቱቦውን ሲመልሱ ጠርዙ በቀዳዳው ዙሪያ በሚገባ መቀመጡን ያረጋግጡ፤ ካልተቀመጠ ውኃ ያስገባል። የበሩን ሽፋን ከነቀሉም ከሥሩ ያለውን የፕላስቲክ ሉህ መልሰው ይለጥፉት፤ እሱ ከተቀደደ የዝናቡ ውኃ ወደ ምንጣፉ ይወርዳል።

መንገደኛው፦

እንደተባለው ቀጥዬው አራቱም ይሠራሉ፤ መቆለፊያውም ተመልሷል። ባትሪውን ካገናኘሁ በኋላ ግን ቀድሞ በአንድ ጭነት እስከ ጫፍ ይዘጋ የነበረው የሹፌሩ መስኮት አሁን ቁልፉ ተይዞ ካልቆየ አይሄድም። ሌላ ነገር አበላሽቼ ይሆን?

ካቻቢቴ፦

ምንም አላበላሹም። በአንድ ጭነት የሚዘጋ መስኮት የመስታወቱን የላይኛውንና የታችኛውን ወሰን በማስታወሻው ይይዛል፤ ባትሪ ሲላቀቅ ያንን ያጣዋል። በብዙ መኪኖች ላይ መስታወቱን ሙሉ በሙሉ አውርደው፣ ከዚያ እስከ ጫፍ ዘግተው፣ ቁልፉን በመዝጊያው በኩል ለጥቂት ሰከንድ ሳይለቁ ሲይዙት መልሶ ይማራል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ከመኪና መኪና ስለሚለያይ የመኪናዋን መመሪያ ይመልከቱ። መልሶ እስኪማር ድረስ፣ እጅ ወይም ሌላ ነገር ሲያጋጥመው መስታወቱን ወደ ኋላ የሚመልሰው መከላከያም ላይሠራ ስለሚችል፣ ልጆች ከኋላ ካሉ የተሳፋሪዎቹን መስኮት የሚቆልፈውን ቁልፍ ተጭነው ያቆዩት።