አይጥ የዶሮ መኖ እየጨረሰ ነው፤ ከየት ልጀምር?

የሰበታዋ፦
ጤና ይስጥልኝ። 25 ቦቫንስ ብራውን የሚባሉ እንቁላል ጣይ ዶሮዎች አሉኝ። ቤታቸው የጭቃ ግድግዳ፣ ወለሉ አፈር ነው፤ መስኮቱ ላይ ባለ ስድስት ማዕዘን የዶሮ ሽቦ ተወጥሯል። መኖው በማዳበሪያ እንዳለ ጥግ ላይ ይቀመጣል፣ መመገቢያውም ሌሊቱን ሙሉ መኖ አያጣም። 3 ኪሎ የሚበቃቸው ዶሮዎች በቀን ወደ 4 ኪሎ ይሄድባቸዋል። ማዳበሪያው ከታች ተበስቷል፣ የአይጥ ዐይነ ምድርም መኖው ውስጥ ይገኛል። መርዝ ላድርግ?

መኖ አዋቂ፦
እህቴ፣ ስሌትሽ ልክ ነው። አንዲት ጣይ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም ትበላለች። ትርፉ አይጥ የሚበላውና የሚበተነው ነው።

መርዙን ተዪውና መጀመሪያ የሌሊቱን መኖ አንሺ። ዶሮ በጨለማ አይበላም፤ መመገቢያ ላይ የሚያድረው ሁሉ የአይጥ ነው። ጠዋት 1.3 ኪሎ ስጪ፣ ቀሪውን 1.7 ኪሎ ከ9 ሰዓት በኋላ። የከሰዓቱን እንዳትቀንሺ፤ የእንቁላሉ ቅርፊት በብዛት የሚሠራው ሌሊት ስለሆነ ካልሲየሙ ማታ ሆዳቸው ውስጥ መገኘት አለበት። ቆጥ ላይ ሲወጡ የተረፈውን በክዳን ቆርቆሮ ጣሳ አኑሪና ጠዋት እሱን አስቀድሚ፤ ከንጹሑ መኖ ጋር አትደባልቂው። መመገቢያውን በዶሮዎቹ ጀርባ ከፍታ ስቀዪ፣ ከግማሽ በላይም አትሙዪው። መሬት ላይ ሲሆንና ሲሞላ በምንቃራቸው እየጠረጉ ይበትኑታል። የወደቀውን ማታ ማታ ጥረጊ፤ ይህ ከቀረ ሌላው ልፋት ሁሉ ከንቱ ነው።

ማዳበሪያ ለአይጥ ጥርስ ምንም አይደለም፤ የፕላስቲክ በርሜልም ይበሳል። ባለ ክዳን የ200 ሊትር የብረት በርሜል ግዢ፤ አንድ ኩንታል መኖ ይይዛል። ምናለሽ ተራ ታገኛለሽ፣ ግን የምግብ ዘይት የነበረበትን ምረጪ፣ ኬሚካል የነካውን አትንኪ። በብሎኬት ላይ፣ ጥላ ሥር አስቀምጪው። ፀሐይ ላይ ከዋለ የመኖው እርጥበት ይተንና ሌሊት ሲቀዘቅዝ ክዳኑ ላይ ጠል ሆኖ ይንጠባጠባል። መኖው ይጓጉላል፣ ይሻግታል። የሻገተ በቆሎ ደግሞ አፍላቶክሲን የሚባል የሻጋታ መርዝ ሊኖረው ስለሚችል የጓጎለውን ጣዪ እንጂ ፈርፍረሽ አትስጪ።

ግንበኛው፦
ያ የመስኮትሽ ሽቦ ዶሮ ያግዳል እንጂ አይጥ አያግድም። ትንሿ አይጥ ከ6 ሚሊ ሜትር ትንሽ በሰፋ ቀዳዳ ትሾልካለች፣ የትልቁ አይጥ ግልገል በ12። ስለዚህ መስኮቱን በተበየደ፣ ባለ 6 ሚሊ ሜትር አራት ማዕዘን ወንፊት ሽቦ ሸፍኚው። ብዙ ሰው የሚረሳው የጣሪያ ቆርቆሮው ሞገድ ግድግዳው ላይ ሲያርፍ የሚተወውን ክፍተት ነው፤ እሱንም በሽቦ ድፈኚ። በሩን ከታች 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ላሜራ አልብሺው።

ለወለሉ ጥሩው ሊሾ ነው። አቅም ካልፈቀደ ግድግዳውን ዙሪያውን 30 ሳንቲ ሜትር ቆፍሪና ሽቦውን አውርደሽ፣ ታችኛውን ጫፍ 30 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ አጥፈሽ ቅበሪው። አይጥ ግድግዳ ሥር ተጠግታ ስለምትቆፍር ሽቦው ላይ ትደርሳለች፣ ወደ ኋላ ሄዶ መዞርን አታስብም።

ከመድፈንሽ በፊት ጉድጓዶቹን ማታ በሣር ወትፊ። ጠዋት የተከፈተው ነው አይጥ ያለበት።

የሰበታዋ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። በውስጥ ያሉትንስ በምን ላጥፋ?

የእንስሳት ጤና፦
በወጥመድ። በየሱቁ የሚሸጠው የዚንክ ፎስፋይድ መርዝ ዶሮዋ ከለቀመችው ይገድላታል፤ ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉት መርዞች ደግሞ የሞተችውን አይጥ በበላች ዶሮ ወይም ድመት ሰውነት ያልፋሉ። ዶሮ የሞተ አይጥ መጎተት ትወዳለች።

የእንጨት ሳጥን ሥሪና ሁለቱን ጫፍ በ6 ሳንቲ ሜትር ቀዳዳ ብሺ፤ ወጥመዱን ውስጡ ስታደርጊ ዶሮ አይነካውም። ሳጥኑን ከግድግዳው ጋር አስጠግቺ። አይጥ አዲስ ነገር ስለምትፈራ አራት አምስት ቀን ሳትወጥሪ ወጥመዱ ላይ ማባበያ ምግብ ብቻ አኑሪ፤ የለውዝ ቅቤ ይበቃል። ከዚያ ሁሉንም ወጥመዶች በአንድ ሌሊት ወጥሪ። ይህ የሚሠራው ግን ሌሊት ሌላ ምግብ ካጣች ነው፤ ውኃውንም ከመኖው ጋር አንሺ፣ እንቁላሉንም ከመምሸቱ በፊት ሰብስቢ።

የሞተውን ያለ ጓንት አትንኪ፤ በሽንታቸው ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባል በሽታ ይተላለፋል። ዐይነ ምድር የገባበትን መኖም ሳልሞኔላ የሚባል ባክቴሪያ ስለሚያስይዝ አበጥረሽ ሳይሆን ሙሉውን ጣዪው።