በፋሲካ ማዕድ ላይ የሱዳኑ መንገድ ይነገር ወይስ አይነገር? (ክርክር)

አወያይዋ፣ ከነታንያ

ሰላም ለሁላችሁ። ፋሲካ እየደረሰ ነው። እኛ ቤተ እስራኤላውያን (የኢትዮጵያ አይሁድ) ብዙዎቻችን በእግር በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል የመጣን ነን። በጸሎት ቤታችን አንድ ሐሳብ ተነሥቶ ሰው ለሁለት ተከፍሏል። ሐሳቡ ይህ ነው። በሰዴር፣ በፋሲካ ማዕድ ሌሊት፣ ሃጋዳው (ከግብፅ የመውጣቱ ታሪክ የሚነበብበት መጽሐፍ) እየተነበበ አሥሩ መቅሠፍቶች ሲያልቁ፣ ከትልልቆቹ አንዱ የሱዳኑን መንገድ ይንገር። ከየት መንደር እንደ ተነሣ፣ ስንት ሌሊት እንደ ሄደ፣ ማንን መንገድ ላይ እንደ ቀበረ። ከዚያ ወደ ንባቡ እንመለስ።

ግማሹ «ይገባል» አለ። ግማሹ ደግሞ «ሌሊቱ የምስጋና ነው፣ ለሙታኑ ቀን አላቸው» አለ። እውነት ነው፣ ቀን አላቸው። በየዓመቱ በአይሁድ አቆጣጠር ኢያር 28፣ ኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ ይታሰባሉ። በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች የቀሩት ወገኖቻችን ወደ 4,000 እንደሚጠጉ ይገመታል።

እኔ ይነገር ባይ ነኝ። ምክንያቴ አምና ቤቴ የሆነ ነገር ነው። ዘጠኝ ዓመት የሆናት ልጄ አራቱን ጥያቄዎች ጠየቀች። «ይህች ሌሊት ከሌሎቹ ሌሊቶች በምን ትለያለች?» ብላ ጨረሰች። ከዚያ ወደ እናቴ ዞር አለችና «አያቴ፣ አንቺ ከግብፅ ስትወጪ ስንት ዓመትሽ ነበር?» አለቻት። ሁሉም ሳቀ። እናቴ ግን አልሳቀችም። በእጇ የያዘችውን ቂጣ ሳህኑ ላይ አስቀመጠችና «አሥራ ዘጠኝ» አለች። ልጄም «ባሕሩ ሲከፈል አየሽ?» አለች። እናቴ «አልተከፈለም። በእግራችን ነው የሄድነው» አለችና ዝም አለች።

ያኔ አንድ ሰው «በሉ እንቀጥል፣ መሸ» አለ። እንቀጥል ያልኩት እኔ ነኝ። ዓመት ሙሉ ከልቤ አልወጣም።

ዘጸአት 13፥8 ለልጅህ ንገረው የሚለን «ለአባቶቼ ስላደረገው» ብለን አይደለም። «ከግብፅ በወጣሁ ጊዜ ለእኔ ስላደረገልኝ» ብለን ነው። እናቴ ያንን ቃል በራሷ እግር የተናገረች ሰው ናት። እኔ አቋረጥኳት። እስቲ ተነጋገሩ።

የቄስ ልጅ፣ ከአሽዶድ

እኅቴ፣ ታሪክሽ ልብ ይነካል። ግን አልስማማም።

አባቴ ቄስ ነበሩ። ጎንደር፣ አምቦበር መንደር ላይ ፋሲካ እንዴት እንደሚከበር አይቼ ነው ያደግኩት። አሮጌው የሸክላ ዕቃ ይሰበራል፣ አዲስ ይሠራል። በጉ ይታረዳል። ሰባት ቀን ቂጣ ነው። ሃጋዳ የሚባል መጽሐፍ አናውቅም ነበር። ቄሶቹ ከኦሪት የመውጣቱን ታሪክ ያነብባሉ፣ ሕዝቡ ቆሞ ይሰማል። እኛ ቤት በዚያ ሌሊት ስለ ራሳችን መከራ ሲወራ አልሰማሁም። መከራ ጠፍቶ አይደለም። አያቶቻችን ክፉ ቀንን ያዩ ናቸው። ከብቱ አልቆ፣ ሰው ረግፎ፣ መንደር ባዶ ቀርቶ ያውቃል። እነሱ ግን በዚያች ሌሊት እግዚአብሔር ያደረገውን ብቻ ነገሩን።

መዝሙር 105ን አንብቡት። ቁጥር 5 ላይ «ያደረጋትን ድንቅ አስቡ» ይላል። አብርሃም፣ ዮሴፍ፣ ሙሴ፣ መቅሠፍቱ፣ መናው፣ ከዓለት የፈለቀው ውኃ። 45 ቁጥር ሙሉ አንድ ማጉረምረም የለበትም። የወርቁ ጥጃ የለም። በምድረ በዳ የወደቀ ሬሳ የለም። መዝሙረኛው ሳያውቅ ቀርቶ ነው? አይደለም። ለምስጋና ሲቀመጥ ምስጋናን መረጠ። እኛም እንምረጥ ነው የምለው።

ዳዊት ደጋሚ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ጎንደር ያደግኩ። በዚህ ክርክር ድምፅ የለኝም፣ ስለ መጽሐፉ ግን አንድ ነገር ልበል። በእኛ ዳዊት ቁጥሩ በአንድ ይቀንሳል፣ ጋሼ ያነሡት መዝሙር 104ኛው ነው። በልጅነታችን በቃላችን ነው የያዝነው።

ጋሼ፣ እባክዎ አንድ ገጽ ይግለጡ። ቀጥሎ ያለው 106ኛው ነው። ያንኑ ታሪክ እንደገና ይጀምረዋል፣ አሁን ግን ከሌላው ወገን። «አባቶቻችን በግብፅ ሳሉ ተአምራትህን አላስተዋሉም» ይላል። ትንሽ ቆይቶም «ፈጥነው ሥራውን ረሱ» ይላል። ጥጃው እዚያ አለ። ምድሪቱ አፏን ከፍታ ዳታንን ስትውጥ እዚያ አለ። መጽሐፉን የሰበሰቡት ሰዎች ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጡ። አንዱን አንብበን ሌላውን ብንዘጋ ግማሹን ብቻ ይዘን ነው የምንነሣው።

ደግሞ 105ኛው የተወው ጥጃውን ብቻ አይደለም። የባሕሩን መከፈልም አይጠቅስም። ከግብፅ ያወጣቸውና ቀጥታ ወደ ደመናውና ወደ እሳቱ ይሄዳል። ስለዚህ በአንድ መዝሙር አለመጠቀሱ አይነገር ማለት ከሆነ፣ ባሕሩም ሊቀርብን ነው።

77ኛውን ደግሞ ተመልከቱ። «የቀደመውን ተአምራትህን አስታውሳለሁ» የሚለው ሰው ይህን ከማለቱ በፊት ሌሊቱን እንቅልፍ አጥቶ «እግዚአብሔር ቸርነቱን ረሳን?» እያለ ሲጮኽ ነበር። ጩኸቱ አልተቆረጠም። እኔ ይህን መዝሙር የምወደው ለዚህ ነው። ጩኸቱን ብታወጡት ማስታወሱ ከየት እንደ መጣ አይገባም።

ወጣቱ፣ ከቤርሼባ

ሁላችሁም ተአምር፣ ተአምር ትላላችሁ። እኔ ይነገር እላለሁ፣ ግን በተአምር ስም መሆኑን አልወደውም።

ወላጆቼ በእግራቸው ነው የመጡት። ቀን ቁጥቋጦ ውስጥ ተደብቀው፣ ሌሊት እየሄዱ፣ ሽፍታ እየዘረፋቸው። በሶና ዳቦ ቆሎ እየቋጠሩ። የሱዳንን በር ከከፈቱት ሰዎች አንዱ ፈረደ አክሉም የሚባል የእኛው ሰው ነው። እሱና ጓደኞቹ ነፍሳቸውን ሸጠው ነው መንገዱን የሠሩት። ሕዝቡን ከሱዳን በአውሮፕላን ወደ እስራኤል የወሰደው የሙሴ ዘመቻ በኖቬምበር 1984 ተጀመረ፣ ወሬው አደባባይ ወጣና በጃንዋሪ 1985 ቆመ። እናት እዚህ፣ ልጅ እዚያ ቀሩ። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን እስከ ተደረገው እስከ 1991 እ.ኤ.አ. ሰሎሞን ዘመቻ ድረስ የተለያዩ ቤተሰቦች አሉ። ሁሉንም እግዚአብሔር አደረገው ብለን ከዘጋነው፣ ለምን ዘገየ፣ ማን አዘገየው፣ ለምን ሕዝብ በመጠለያ አለቀ የሚለውን ማንን እንጠይቅ? እዚህ ከደረስን በኋላ የገጠመንስ?

አወያይዋ፣ ከነታንያ

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ትክክል ነው፣ መጠየቅም አለበት። ግን ኦሪት ራሱ ሰውን ከተአምሩ አያወጣም። ዘጸአት ሲጀምር ሁለት አዋላጆችን በስም ይጠራል፣ ሲፓራና ፉሐ። ወንዶቹን ልጆች ያዳኑት እነሱ ናቸው። የፈርዖን ስም ግን የለም። «ፈርዖን» ይለዋል እንጂ ማን እንደሆነ አይነግረንም። ስማቸው የቀረው የሁለቱ ሴቶች ነው።

ባሕሩ ዳርም ቢሆን እግዚአብሔር ሙሴን «ለምን ወደ እኔ ትጮኻለህ? እንዲሄዱ ንገራቸው» ነው ያለው። መሄዱ የሕዝቡ ነው። የወላጆችህ እግር በተአምሩ ውስጥ አለ። ፈረደ አክሉምም አለ።

እንዲያውም ለጋሼ አንድ ነገር ላንሣ። በ1862 እ.ኤ.አ. የእኛው መነኩሴ አባ ማሐሪ ሕዝቡን አስነሥተው ወደ ኢየሩሳሌም በእግር መርተዋል። ቀይ ባሕር ይከፈልልናል ብለው አምነው። አክሱም አካባቢ ደርሰው በረሃብና በበሽታ ብዙው አለቀ፣ የተረፈው ተመለሰ። ባሕሩን አላዩትም። እነዚህ ሰዎች ፋሲካን እንደኛ ሰምተው ያደጉ ናቸው። ቃሉን ከልባቸው ስላመኑት ነው የተነሡት። በየትኛው ሌሊት ይነገርላቸው? ልጆቻችን ስማቸውን እንኳ አያውቁም።

የቄስ ልጅ፣ ከአሽዶድ

የአባ ማሐሪን ነገር አባቴ ሲያነሡት እምባቸው ይመጣ ነበር። እሺ፣ እሱን አልክድም።

ግን ጥያቄዬ ይነገር ወይ አይነገር አይደለም። መቼ ነው። እኛ ለዚህ የተሠራ ቀን አለን። ሲግድ። ሔሽዋን 29፣ ከሥርየት ቀን 50 ቀን በኋላ። አገር ቤት ሕዝቡ ድንጋይ ተሸክሞ ተራራ ይወጣ ነበር፣ ጾሙን ይዞ። ቄሶቹ ከነህምያ ያነብባሉ። ነህምያ 9 ደግሞ ሁለቱንም ይዟል። ባሕሩን እንደ ከፈለ፣ በደመና እንደ መራ፣ ልብሳቸው እንዳላረጀ ይናገርና መጨረሻው ላይ «እነሆ ዛሬ ባሮች ነን» ይላል። ምስጋናውም ለቅሶውም አንድ ጸሎት ውስጥ ነው። ከቀትር በኋላ ጾም ይፈታል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ይዘፈናል። ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመንግሥትም ሕግ አለው። ለሙታኑ ከዚህ የተሻለ ቦታ የት አለ? ፋሲካን ለምን እናጨልመዋለን?

ከራምላ የተላከ (ልጇ የጻፈችላት)

እናቴ ማንበብ አትችልም። ሁሉንም አነበብኩላት። እንዲህ ብለሽ ጻፊ አለችኝ፦

«ሱዳን፣ ኡም ራኩባ መጠለያ፣ ሁለት ልጆች ቀብሬአለሁ። አንዱ መራመድ የጀመረ ነበር። የተማራችሁ ሰዎች ስለ ምድረ በዳ ስታወሩ እፈራለሁ። በምድረ በዳ ያለቀው ትውልድ በኃጢአቱ ነው ያለቀው ሲሉ ሰምቻለሁ። የእኔ ልጆች ምን በደሉ? ከነዚያ ጋር አታገናኙብኝ። ሌላም አለ። ተነሺ ተናገሪ ብትሉኝ አልችልም። ሰው እያየኝ አልችልም። ፋሲካ ላይ ሁሉ ሰው ወደ እኔ ቢዞር ከማዕዱ ተነሥቼ እሄዳለሁ።»

ዳዊት ደጋሚ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

እማማ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ልጆችዎን ከዚያ ትውልድ ጋር ማንም አያገናኛቸውም። እኔ ከኦሪት የማገናኛቸው ከዮሴፍ አጥንት ጋር ነው። ሕዝቡ በዚያች ሌሊት ሲጣደፍ፣ ሊጡ እንኳ ሳይቦካ ሲወጣ፣ ሙሴ የዮሴፍን አጥንት ይዞ ነው የወጣው። ዘጸአት 13፥19 ላይ አለ። ባሕሩን አብሯቸው ተሻገረ። ዓመታት ሁሉ አብሯቸው ዞረ። የኢያሱ መጽሐፍ ሲያልቅ ነው ሴኬም የተቀበረው። ከተአምሩ ሁሉ መካከል አንድ ሣጥን አጥንት ነበር። ያን ሣጥን የተሸከመ ሰው መዝሙሩን ሲዘምርም ትከሻው ላይ ነበረ ማለት ነው።

የእርስዎን ልጆች አጥንት ማንም ይዞ አልመጣም። የሚያመጣቸው ስማቸው ብቻ ነው።

ወጣቱ፣ ከቤርሼባ

ይህን አላሰብኩትም ነበር። እናቴም እንደ እማማ ናት። ስለ መንገዱ ጠይቄያት አታውቅም ማለት ይቻላል። እሷም አልነገረችኝም። የማውቀውን ያወቅኩት ከአጎቴ ነው፣ እሱም ሠርግ ላይ፣ ሞቅ ሲለው።

አሁን የሚከብደኝ «ይናገሩ» ብለን ስንወስን ማንን እያስገደድን እንደሆነ ነው።

አወያይዋ፣ ከነታንያ

እማማ፣ ስለ ተናገሩ አመሰግናለሁ። ሐሳቡን ሳመጣ ይህን አላሰብኩም። «ትልልቆቹ ይናገሩ» ብዬ ጻፍኩ እንጂ መናገር የማይችል ሰው ምን ያድርግ አላልኩም። ስህተቴ ነው።

ሃጋዳው ላይ አራት ልጆች አሉ። አራተኛው መጠየቅ የማያውቀው ነው። ስለ እሱ የተባለው «አንተ ጀምርለት» ነው። እኔ ሁልጊዜ ይህ ስለ ሕፃን ብቻ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ስለ እናቴም መሰለኝ። እሷ የማትጀምረውን እኔ ልጀምርላት እችላለሁ። ከፈለገች ትጨምራለች፣ ካልፈለገች ዝም ትላለች፣ ዓይን ሳይበዛባት።

ጋሼ፣ ስለ ሲግድ ያሉት ሁሉ ልክ ነው። ግን ልጄ የጠየቀችው በሲግድ አልነበረም። በፋሲካ ነው። ኦሪትም «ልጅህ በጠየቀህ ጊዜ» ነው የሚለው። በኢያሱ 4ም ከዮርዳኖስ የወጡት 12 ድንጋዮች ጌልጌላ ላይ የተተከሉት ልጆች «እነዚህ ድንጋዮች ምንድር ናቸው?» ብለው እንዲጠይቁ ነው። ቀኑን የሚመርጠው ልጁ ነው። ልጄ ጠይቃ እኔ «መሸ» አልኳት።

ጨለማ ስለ ማድረጉ ደግሞ ሚሽናው (የጥንት ረቢዎች የሕግ መጽሐፍ) ለዚህ ሌሊት የሰጠው ሥርዓት በውርደት ጀምሮ በምስጋና መጨረስ ነው። ለግብፃውያን እንኳ አሥሩ መቅሠፍቶች ሲጠሩ ወይን ከጽዋችን እናንጠባጥባለን፣ በሞታቸው ደስታችን ሙሉ እንዳይሆን። ለጠላት አሥር ጠብታ ከወጣ ለኡም ራኩባ ልጆች አንድ ደቂቃ ቢወጣ ሌሊቱ አይጨልምም።

የቄስ ልጅ፣ ከአሽዶድ

ሚሽናው ውርደት የሚለው ባርነቱንና የጣዖት አምልኮውን ነው፣ መቃብርን አይደለም። ይህን ሳልናገር አላልፍም። ግን የጠብታውን ነገር መመለስ አልቻልኩም፣ እውነቱን ለመናገር።

እኔ ቤት ሥርዓቱ እንደ አባቴ ይቆያል፣ ከኦሪት ብቻ። ለሌላው አልከለክልም። አንድ ነገር ብቻ አደራ። ከተነገረ በምስጋና ይለቅ። ሜይ 1991 ላይ በ36 ሰዓት ገደማ ከ14,000 በላይ ሰው መጣ። በአንዱ አውሮፕላን ብቻ ከ1,000 በላይ። ወንበሩ ተነቅሎ ወለሉ ላይ ተቀምጠን። እኔ ከነዚያ አንዱ ነበርኩ። «በንስር ክንፍ ተሸከምኋችሁ» የሚለው ያን ቀን በዓይኔ የታየ ነው። መቃብሩ ላይ አታቁሙት።

አወያይዋ፣ ከነታንያ

ዛሬ ማታ እናቴ ቤት ሄድኩ። ስለ አምናው ይቅርታ ጠየቅኳት። አስታወሰችው። ጥሬ ቡና እየለቀመች ነበር፣ ቀና ሳትል «ልጅቷን መልሼላታለሁ እኮ» አለችኝ።

ዘንድሮ ምን ትፈልጊያለሽ አልኳት። ብዙ አላወራችም። «ታሪኩን አንቺ ንገሪያት። እኔ ስማቸውን ብቻ እጠራለሁ። ሦስት ናቸው» አለች። ሦስት መሆናቸውን እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር። ሁለት ነበር የምለው።

ከመቅሠፍቶቹ ቀጥሎ ይሁን ስላት እምቢ አለች። ከመቅሠፍት ጋር አይጠሩብኝ፣ ቂጣው ሊቆረስ ሲል ይሁን ብላለች።