የአቻ ድጋፍ በሕግ እንዲታወቅ፦ ረቂቁ ውስጥ ምን ይግባ?

ጮቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ማርቆስ ያለን የአእምሮ ጤና ባለሙያዎችና አስታማሚ ቤተሰቦች ለክልሉ ምክር ቤት የሕግ ሐሳብ ልናቀርብ ነው። አቻ ደጋፊ የምንለው የአእምሮ ሕመም ታሞ ያገገመና ሠልጥኖ ሌላውን ታማሚ የሚያግዝ ሰው ነው። መነሻችን በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው የካሊፎርኒያ ሕግ ነው። ምን እንውሰድ? ምን ይቅር?

ዳሞት፦ እዚያ የሚጠየቀው 18 ዓመት መሙላት፣ በራስ ወይም በቤተሰብ ሕመሙን ማወቅ፣ የ80 ሰዓት ሥልጠና፣ ፈተናና የሥነ ምግባር ደንብ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቅም አለበት፤ ይሄኛው ይቅር። እንደ ቢቡኝና ሰከላ ባሉ የገጠር ወረዳዎች ብዙ ጥሩ ሰው ያስቀርባችኋል። ማንበብና መጻፍ ይበቃል፤ ፈተናውም በቃልና በተግባር ይሁን።

ከሁሉ በላይ ግን ሱፐርቪዥኑን፣ ማለትም የባለሙያ ክትትሉን አጥብቁት። ሜዲኬይድ የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የዝቅተኛ ገቢ ሰዎች የጤና መድን በ2007 እ.ኤ.አ. ስለ አቻ ድጋፍ ክፍያ መመሪያ ሲያወጣ ያስቀመጠው ሦስት ነገር ነው፦ የባለሙያ ክትትል፣ ከታካሚው የሕክምና ዕቅድ ጋር መያያዝ፣ ሥልጠናና የብቃት ማረጋገጫ። ክትትል ከሌለ አቻ ደጋፊው ካርድ አመላላሽ ሆኖ ይቀራል። ወይም «ኪኒኑን እንዲውጥ አሳምንልን» እየተባለ ይላካል፤ ያኔ ታካሚው እሱንም እንደ ሐኪሙ መሸሽ ይጀምራል።

ጣና ዳር፦ ካሊፎርኒያ ድረስ ሳትሄዱ የኤአርቲ (የኤችአይቪ መድኃኒት) ክሊኒኮችን እዩ። ታካሚውን የሚከታተሉት ኬዝ ማናጀሮችና መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ የሚያግዙት አድኸረንስ ሳፖርተሮች ብዙዎቹ ራሳቸው ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። ድክመቱ ደመወዛቸው በአጋር ድርጅት ላይ መንጠልጠሉ ነው፤ ፕሮጀክቱ ሲዘጋ የሠለጠነው ሰው ይበተናል። ስለዚህ «በጎ ፈቃደኛ» የሚለውን ቃል ከረቂቁ አውጡት። የሥራ መደብ ይከፈት፣ ደረጃ ይውጣለት፣ ከመደበኛ በጀት ይከፈል። መደብ መክፈት የጤና ቢሮ ብቻ ሥልጣን አይደለምና ሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽንን ከወዲሁ አስገቡ። አቻ ደጋፊው ሕመሙ ቢያገረሽበትም የሕመም ፈቃድ እንጂ ስንብት እንደማይሆን በግልጽ ይጻፍ።

ጮቄ፦ እግዜር ይስጥልን። ጸበል ላይ ያሉትስ? ምስጢሩስ በትንሽ ቀበሌ እንዴት ይጠበቃል?

ዳሞት፦ ጸበሉ ቦታ የአቻ ደጋፊው ዋና ሥራ ነው፤ ብዙ ታማሚ እዚያ አለ። መድኃኒቱንና ጸበሉን አያጣላ፣ የመድኃኒት መጠንም አይንካ። ካህናቱን ቀድማችሁ አነጋግሩ፤ አለዚያ በሩ አይከፈትለትም። ምስጢር በጽሑፍ ቃል የሚገባበት ይሁን፤ ከዚያ የሚወጣው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ በሰንሰለት ወይም በገመድ የታሰረ ታማሚ ካየ፣ ወይም ራሴን አጠፋለሁ የሚል ከሰማ። ያንን በዕለቱ ለጤና ጣቢያው ያሳውቃል፣ እስኪደርሱም ሰውየውን ብቻውን አይተወውም። የትኛው አቻ ደጋፊ ይመደብ የሚለውን ደግሞ ለታካሚው ምርጫ ተዉት፤ በአንድ ዕድር ያለ ሰው የሚያስፈራው አለ፣ የሚያጽናናውም አለ።